ደሙ በፔርሙስ ሄደ፣ ስሙም አብሮ ሄደ፦ ስለ ፕሮፌሰር ሙዬምቤ እናውራ

የላብራቶሪ ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ ከወትሮው ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ። ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኢቦላን ማን አገኘው ብትሉ አብዛኛው ሰው ቤልጂጎችን ወይም አሜሪካኖችን ይጠራል። እኔም ኮሌጅ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ከተመራማሪዎች ሁሉ ቀድሞ በሽተኞቹ አልጋ አጠገብ ቆሞ ደም የቀዳው ግን ኮንጎያዊ ነው። ዣን-ዣክ ሙዬምቤ ታምፉም ይባላል። የገበሬ ልጅ ነው። በ1942 ተወለደ፣ ኪንሻሳ ሕክምና ተማረ፣ ከዚያ ቤልጂግ ሉቨን ሄዶ በቫይረስ ጥናት ዶክትሬቱን ያዘና ወደ አገሩ ተመለሰ። እዚያው መቅረት ይችል ነበር።

መስከረም 1976 ላይ ከሰሜን ዛየር (ኮንጎ ያኔ እንዲህ ነበር የምትባለው)፣ ያምቡኩ ከምትባል ገጠር፣ ሰው እያለቀ ነው የሚል መልእክት ኪንሻሳ ገባ። ያምቡኩ የካቶሊክ ሚሲዮን ሆስፒታል አለ። 120 አልጋ አለው፣ ሐኪም የለውም። የሚያክሙት ቤልጂጋዊ መነኮሳት ናቸው። መንግሥት ሙዬምቤን ላከው። ሲደርስ ሆስፒታሉ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሕዝቡ ሞቱ ያለው እዚያ ግቢ ውስጥ እንደሆነ ገብቶት ሸሽቷል። በማግስቱ ጠዋት ግን «ከኪንሻሳ ሐኪም መጣ፣ መድኃኒት ይዟል» የሚል ወሬ ተሰማና ሰው ጎረፈ። እሱ ታይፎይድ ወይም ቢጫ ወባ ነው ብሎ ነበር የጠረጠረው። ጓንት የለም። በባዶ እጁ ደም መቅዳት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ደም የቀዳ ሰው ያውቀዋል። መርፌውን ነቅለህ ጥጥ ትጫንበታለህ፣ ሰውየው ክንዱን አጠፍ ያደርጋል፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ አለቀ። ያን ቀን ግን ደሙ አልቆም አለ። ከተወጋበት ቀዳዳ እየፈሰሰ ጣቶቹን አለበሳቸው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይቶ እንደማያውቅ ኋላ ተናግሯል። በውሃና በሳሙና ታጠበ። ከሞት የተረፍኩት በዚያ ሳሙና ነው ብሎ ያምናል።

ከሞቱት ሰዎች የጉበት ናሙና ወሰደ። አንዲት የታመመች መነኩሲትም ይዞ ወደ ኪንሻሳ ተመለሰ፤ እዚያ አረፈች። የእሷ ደም በፔርሙስ ተደርጎ፣ በመንገደኛ የእጅ ሻንጣ፣ ቤልጂግ አንትወርፕ ከተማ ገባ። ቡናና ሻይ በምንይዝበት ፔርሙስ ማለቴ ነው። ውስጡ ሁለት ቱቦ ነበር። አንዱ መንገድ ላይ ተሰብሮ ደሙ ከቀለጠው በረዶ ጋር ተደባልቋል። ከተረፈው ናሙና ነው ያ እንደ ክር የተጠማዘዘ ቫይረስ የታየው። ናሙናው ወደ አሜሪካም ሄዶ አዲስ ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ። ያምቡኩ ስሟ ከበሽታ ጋር ተያይዞ እንዳይቀር ተብሎ በአካባቢው ባለ ወንዝ ተሰየመ፤ ኢቦላ። በዚያ ወረርሽኝ 318 ሰው ታሞ 280ው ሞተ።

ከዚያ በኋላ በተጻፈው ታሪክ ውስጥ ሙዬምቤ ለብዙ ዓመታት ብዙም ቦታ አላገኘም። ደሙ በፔርሙስ ሄደ፣ ስሙም አብሮ ሄደ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ከዚያ ወዲህ ያሉት 40 እና ከዚያ በላይ ዓመታት ናቸው። ሰውየው ቁጭ ብሎ ስሜን መልሱልኝ አላለም። የዕድሜ ልክ ሥራው አንድ ነገር ሆነ፦ የኮንጎ ሰው ደም ኮንጎ ውስጥ እንዲመረመር። እስቲ በዚህ እንወያይ።


ነርስ ነኝ

ወንድም፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ሆዴን ባር ባር አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያምቡኩ ላይ በሽታውን ያዛመተው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? መርፌ። ለተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል በየጠዋቱ አምስት ሲሪንጅ ብቻ ይሰጥ ነበር። አምስት! ቀኑን ሙሉ በእነዚያ ነው ሲወጉ የሚውሉት። በመሐል ለብ ባለ ውሃ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው። መጀመሪያ ከታወቁት በሽተኞች አንዱ የወባ ትኩሳት ነው ተብሎ የክሎሮኪን መርፌ ተወግቶ የሄደ ሰው ነው። ከሆስፒታሉ 17 ሠራተኞች 11ዱ ሞቱ፣ ከዚያ ተዘጋ።

እኒያን መነኮሳት መውቀስ ይቀለናል። እኔ አልወቅሳቸውም። ዕቃ ሲያልቅብህ ያለህን ነው የምታብቃቃው። ጓንት አልቆብኝ አንዱን ጥንድ በጥንቃቄ ለማቆየት የሞከርኩበት ሌሊት አለ። ያን ሌሊት እስካሁን አልረሳውም።


ጠያቂ 27

ጽሑፉ ደስ ይላል ግን ልሟገት። ደም የቀዳ ሁሉ «አገኘ» ይባላል እንዴ? ቫይረሱን በማይክሮስኮፕ ያየው፣ ለይቶ ያሳደገው፣ ማርበርግ ከሚባለው ተመሳሳይ ቫይረስ የተለየ መሆኑን ያረጋገጠው ሌላ ሰው ነው። ሙዬምቤ ራሱ ታይፎይድ ወይም ቢጫ ወባ ነው ብሎ ነበር አላላችሁም? አፍሪካዊ ስለሆነ ብቻ ዘውዱን እንጫንለት ካልን ለእሱም ክብር አይሆንም።


የላብራቶሪ ልጅ

ጠያቂ 27፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንትወርፕና አሜሪካ አትላንታ ያሉት ሰዎች የሠሩትን ከእነሱ ላይ ልንቀማ አይደለም። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ኪንሻሳ አልነበረም።

ነገር ግን በሽታ የሚገኘው ማይክሮስኮፕ ሥር ብቻ ነው ካልን ስህተት ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው «ይሄ የማውቀው ነገር አይደለም» ማለት አለበት። ትክክለኛውን ናሙና መርጦ፣ ከትክክለኛው ሰው ወስዶ፣ ሳይበላሽ ማድረስ አለበት። ያ ካልሆነ አንትወርፕ ያለው ሰው ምን ያያል? ቢጫ ወባ ብሎ መጠርጠሩም ነውር አይደለም። ጉበት የወሰደውም ለዚያ ነው። መጠርጠር፣ ናሙና መውሰድ፣ ግምትህ ሲፈርስ መቀበል፤ ሥራችን ይኸው አይደል?

የራሴን አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። ቦታውን አልጠራም። ጤና ጣቢያ እሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ ጎልማሳ አንገቱ ደርቆ፣ በትኩሳት እየነደደ መጣ። የጀርባ ፈሳሽ ተወሰደ። እኛ ጋ የሚሠራው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ናሙናው ወደ ላይ ተላከ። በረዶ የያዘ ሣጥን፣ ከዚያ ሚኒባስ፣ ከዚያ ሌላ መኪና። ውጤቱ በ19ኛው ቀን መጣ። ወረቀቱን ተቀብዬ ስሙን ሳነብ ሰውየው ከተቀበረ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ሚስቱ የጤና ጣቢያው በር ላይ ሻይ ትሸጥ ነበር። ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ በፊቷ አለፍኩ። አልሰጠኋትም። ምን ብዬ ነው የምሰጣት?

ስለ ሙዬምቤ ሳነብ የሚታየኝ ያ ወረቀት ነው። ስለ ዘውድ አይደለም የማወራው፣ ስለ ቀናት ነው።


ጠያቂ 27

እሺ። ይሄኛው ገባኝ። ስለ ሰውየው አዝናለሁ፣ ነፍስ ይማር።


ባዮስታት ከሚኒሶታ

ዘግይቼ ነው የገባሁት። እዚህ አሜሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች ስታትስቲክስ ላይ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ የኪክዊትን ነገር ልጨምር። ለእኔ ከያምቡኩም በላይ የሙዬምቤ ትልቁ ታሪክ እሱ ነው።

1995። እዚያው ኮንጎ፣ ኪክዊት ከተማ። መጀመሪያ የታመመው ከጫካ ዳር የሚሠራ ከሰል አክሳይ ነው፣ ጥር ላይ። በሽታው ቀስ እያለ ሦስት ወር ያህል ሳይታወቅ ተዛመተ። ሚያዝያ ላይ አንድ የላብራቶሪ ሠራተኛ ሆዱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ ከዚያ ያከሙት የቀዶ ሕክምና ሠራተኞች ተራ በተራ ወደቁ። ሙዬምቤ ተጠርቶ መጣ። አሁን 1976 አይደለም፤ ያየውን ያውቀዋል። ኢቦላ ነው አለ። ግን ማረጋገጫው? ናሙናው እንደገና አንትወርፕ፣ ከዚያ አትላንታ። ከ19 ዓመት በኋላም መንገዱ ያው ነበር! በመጨረሻ 315 ሰው ታሞ ወደ 250 ሰው ሞተ።

እዚያ አንድ ነገር አደረገ። ከበሽታው የዳኑ ሰዎችን ደም ወስዶ ለስምንት በሽተኞች ሰጠ። ሰባቱ ዳኑ። አምስት ሰው ታሞ አራቱ በሚሞትበት ወረርሽኝ ውስጥ ማለት ነው።

እንደ ሙያዬ ሐቁን ልናገር። ውጭ ያሉ ሳይንቲስቶች አልተቀበሉትም። ምክንያታቸውም ከንቱ አልነበረም። ማወዳደሪያ ቡድን የለም። ከስምንቱ አንዳንዶቹ ደሙን ያገኙት ከታመሙ ብዙ ቀን ከቆዩ በኋላ ነው፣ እስከዚያ የቆየ ሰው ደግሞ ያለ ምንም ነገርም የመዳን ዕድሉ ከፍ ይላል። የተሻለ እንክብካቤም አግኝተዋል። በኋላ ጊኒ ውስጥ ከዳኑ ሰዎች የተወሰደ ፕላዝማ ለ84 ሰው ተሰጥቶ ሲጠና ግልጽ ጥቅም አልታየበትም። ስለዚህ «ሙዬምቤ በደም ፈወሰ» ብሎ መጻፍ ልክ አይደለም።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ከኪክዊት ከተረፉት አንድ ሰው ከ11 ዓመት በኋላ ደም ሰጠ። በሰውየው ደም ውስጥ ኢቦላን የሚያውቁ ሴሎች አሁንም ነበሩ። አስቡት፣ 11 ዓመት ሙሉ ሰውነቱ አልረሳውም። ሙዬምቤ ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ከነዚያ ሴሎች አንድ ፀረ እንግዳ አካል ለየ፣ ኤምኤቢ 114 ይባላል። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ኮንጎ ውስጥ በጦርነት መሐል አራት መድኃኒቶች በዕጣ ተወዳደሩ። በዕጣ የሚመደብ፣ ማወዳደሪያ ያለው፣ እኔ የምወደው ዓይነት ጥናት። ኤምኤቢ 114 ካገኙት 35 በመቶ ያህል ሞቱ፣ ሌላው ሬጄኔሮን የሚባል ኩባንያ ያመጣው የፀረ እንግዳ አካላት ቅልቅል 33.5 በመቶ፤ የቀሩት ሁለቱ 50 በመቶ አካባቢ። ቫይረሱ ገና ሳይበዛባቸው ቶሎ የመጡት ደግሞ በእነዚያ በሁለቱ መድኃኒቶች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ዳኑ።

«ቶሎ የመጡት» የምትለዋን ያዙልኝ። ቶሎ መምጣት የሚቻለው ቶሎ ሲታወቅ ነው። እዚህ ላይ የላብራቶሪ ልጅ ያነሳው የቀናት ነገር ቁጥር ሆኖ ይመጣል።

ነሐሴ 2019 ላይ ውጤቱ ሲነገር ሙዬምቤ ከእንግዲህ ኢቦላ መድኃኒት የለውም አንልም አለ። በ1995 አልተቀበሉትም ነበር። 24 ዓመት ጠበቀ።


ቆላ ቅጠል

እኔ ስለ ሰውየው ጥሩ ትዝታ የለኝም፣ ይቅርታ። በኮሮና ጊዜ ክትባት ኮንጎ ላይ ይሞከር ያለው እሱ አይደል? ሕዝቡን የሙከራ አይጥ ሊያደርግ ነው ተብሎ ስንቱ ተቆጥቷል።


ነርስ ነኝ

እሱስ ልክ ነው፣ ብሏል። ሚያዝያ 2020 ላይ ነው። ኮንጎ ለክትባት ሙከራ ዝግጁ ናት ብሎ ተናገረና ትልቅ ጩኸት ተነሣ። ወዲያው ወጥቶ አብራራ፤ ሙከራው ሌላ ቦታ ሳይጀመር እዚህ አይጀመርም፣ እኔም ኮንጎያዊ ነኝ፣ ሕዝቤን ለዚያ አልሰጥም የሚል ነው ነገሩ። የሕዝቡ ቁጣ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። እዚያ አገር በሰው ገላ ላይ ስንት ግፍ ተሠርቷል። ሰውየውም እንደ ሰው አነጋገሩ ሊሳሳት ይችላል፤ እኔ የማየው ሥራውን ነው።

ደግሞ ቆላ ቅጠል፣ ያው ሰው ነው ናሙና ከአገር አይወጣም ያለው። ከ2018 ጀምሮ በምሥራቅ ኮንጎ በነበረው የኪቩ የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ የደም ናሙናዎች ኮንጎ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ኢቦላን ማጥናት የፈለገ እዚህ ይምጣ አለ። ሕዝቡን የሚሸጥ ሰው እንዲህ አይልም።


ቆላ ቅጠል

ናሙናውን ስለመያዙ አላውቅም ነበር። እሺ፣ ይሄንን እቀበላለሁ። ንግግሩን ግን አሁንም አልወደውም።


የላብራቶሪ ልጅ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ልለፍ።

ያ ናሙና ከአገር አይውጣ ያለው ነገር ባዶ ፉከራ እንዳልሆነ ልናገር። አትላክ ለማለት መጀመሪያ እዚህ መመርመር መቻል አለብህ። ሙዬምቤ ከ1998 ጀምሮ ኪንሻሳ ያለውን ብሔራዊ የባዮሕክምና ምርምር ተቋም ይመራል። ሰው ያስተማረበት፣ ማሽን የለመነበት፣ መብራት ሲጠፋ የተጨነቀበት ቤት ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2018 የኪቩ ወረርሽኝ ሲታወጅ የተላኩትን ስድስት ናሙናዎች የመረመረው ይኸው ተቋም ነው፤ አራቱ ኢቦላ ሆኑ። ፔርሙስ የለም፣ አንትወርፕ የለም።

ከዚያ ደግሞ አልፎ ሄደ። ምርመራው ከኪንሻሳም ወጥቶ በሽተኛው ያለበት ከተማ ድረስ ወረደ። በምን መሰላችሁ? በጂን ኤክስፐርት! እኛ ጋ ለቲቢ አክታ የምንጠቀምበት ያው ሣጥን። ናሙናውን ቫይረሱን በሚገድል ፈሳሽ ታክመዋለህ፣ ካርትሪጁ ውስጥ ትጨምራለህ፣ ትከድናለህ፣ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ትጠብቃለህ። በ1976 ሳምንታት የፈጀው ነገር ከምሳ በፊት ያልቃል። እኔ ያንን ማሽን በቀን ስንት ጊዜ እከፍተዋለሁ። ካርትሪጁ ሲዘጋ ቀጭ የምትለዋ ድምፅ በእንቅልፌም ትሰማኛለች። ያቺ ድምፅ ወረርሽኙ በነበረባት በቤኒ ከተማ ኢቦላን ስትለይ እንደዋለች ሳውቅ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም።

የኪቩ ወረርሽኝ ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። 3,470 ሰው ታመመ፣ 2,287 ሞተ። ጤና ሠራተኞች ተገድለዋል፣ የሕክምና ጣቢያ ተቃጥሏል። ሐምሌ 2019 ላይ ምላሹን በሙሉ እንዲመራ የተጠራው ሙዬምቤ ነበር፣ 77 ዓመቱ ላይ።


ፓስተር ሰፈር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን እያነበብኩ ነው፤ አንድ ሁለት ነገር እንድል ፍቀዱልኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ስሜ የሚናገረው ሰፈሬን ነው፤ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ያለበትን አካባቢ ሰዉ ዛሬም ፓስተር ነው የሚለው።

እኛም አገር ሳይታወቅ ያለቀ ሕዝብ አለ። ከ1960 እስከ 1962፣ በእኛ ከ1953 እስከ 1954 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ኦሞ አካባቢ ቢጫ ወባ ገባ። 100,000 ያህል ሰው እንደታመመና 30,000 ያህል እንደሞተ ነው የሚገመተው። ይገመታል ነው የምለው፣ ምክንያቱም የቆጠረ የለም። መንገድ የለም፣ ጤና ጣቢያ የለም። መንደሩ ሞቶ ካለቀ በኋላ ነው አጥኚ የደረሰው። በአፍሪካ ከታዩት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው እሱ ነው ይባላል። ስንቶቻችሁ ትምህርት ቤት ተማራችሁት?

አሁን ደግሞ ወደ ቅርቡ ልምጣ። በኮሮና መጀመሪያ፣ ጥር 2012 ዓ.ም. ላይ፣ ተጠርጣሪ ሲገኝ ናሙናው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የሚላከው። ያን ጊዜ ዜናውን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። ግን ከቀናት በኋላ፣ ወሩ ሳይወጣ፣ እዚሁ መመርመር ተጀመረ። መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ሲገለጽ ውጤቱ የራሳችን ልጆች ውጤት ነበር።

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ጂንካ። ማርበርግ። የኢቦላ የሥጋ ዘመድ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ኅዳር 5 ቀን ማርበርግ መሆኑ ተረጋገጠ ተባለ፣ ያረጋገጠውም የአገራችን ላብራቶሪ። በሬዲዮ ስሰማ ጂንካ የምትለዋ ቃል ነው የነካችኝ። ከ60 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሰው ሳይቆጠር ያለቀው በዚያው በኦሞ በኩል ነው። አሁን ግን የበሽታው ስም እዚሁ አገር ውስጥ ታወቀ። ልጄ የላብራቶሪ ልጅ፣ ያ ኪስህ ውስጥ የያዝከው ወረቀት ለእኔም ይገባኛል። እኔም እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ነበሩኝ።


የላብራቶሪ ልጅ

ጋሼ፣ ስለጻፉልን እግዚአብሔር ያክብርልን። የቢጫ ወባውን ነገር አንድ ቦታ አንብቤ ነበር፣ ከጂንካ ጋር ግን አላያያዝኩትም ነበር። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ልውል ነው።


ሜድላብ 2ኛ ዓመት

ሰላም። እኔ ተማሪ ነኝ። እንዳትስቁብኝ ግን ከልቤ ነው የምጠይቀው። ሜድላብ (የሕክምና ላብራቶሪ ትምህርት) ደርሶኝ ነው የገባሁት፣ መርጬው አይደለም። ሰው ሁሉ «ሽንትና ሰገራ ልታይ ነው?» ይለኛል። ዲፓርትመንት ለመቀየር እያሰብኩ ነበር። ይሄን ሳነብ ግራ ገባኝ። ሙዬምቤን የመሰለ ሰው ለመሆን ሐኪም መሆን ግድ ነው? ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ ማን አለ? እሱ እኮ አርጅቷል።


ባዮስታት ከሚኒሶታ

እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር። ቀጥሎማ ብዙ ሰው አለ፤ ትልቁ ሥራውም እሱ ነው። አሁን ኪንሻሳ ባለው ተቋም የቫይረስ ዘረመል የሚያነቡት እሱ ያፈራቸው ናቸው። ፕላሲድ ምባላ የሚባለውን ፈልጊና አንብቢ። በ2023 መጨረሻ ደቡብ ኪቩ ውስጥ ካሚቱጋ በምትባል የወርቅ ማዕድን ከተማ ኤምፖክስ (የዝንጀሮ ፈንጣጣ የሚባለው) ሲነሣ ዘረመሉን አንብበው አዲስ ቅርንጫፍ መሆኑን ለዓለም የተናገሩት እነሱ ናቸው። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታ ያወጀበት አንዱ ምክንያት ያ ቅርንጫፍ ነው። በ1976 ደም ላኩ፣ አሁን ውጤት ላኩ።

ሐኪም መሆን ግድ አይደለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሒሳብ ነው የተማርኩት።


የላብራቶሪ ልጅ

እህቴ፣ ማንም አይስቅብሽም። እኔም ደርሶኝ ነው የገባሁት።

ሽንትና ሰገራ ማየትሽ አይቀርም። ለዓመታት ታያለሽ። ዓይንሽ የሚሠራው እዚያ ነው። አንድ ሺህ ጤነኛ ስላይድ ያላየ ሰው አንድ ሺህ አንደኛው ላይ ያለውን እንግዳ ነገር አያውቀውም። ሙዬምቤ ደሙ አልቆም ሲል የደነገጠው ከዚያ በፊት የስንቱን ሰው ደም ቀድቶ ሲቆም ስላየ ነው።

እኔን ግን የሚያበሳጨኝን ነገር ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሥራ ስትጀምሪ ታገኚዋለሽ። የምርመራ መጠየቂያ ወረቀት ባዶውን ይመጣል። የወባ ምልክት ይደረጋል፣ ዊዳል (የታይፎይድ ምርመራ) ምልክት ይደረጋል፣ አለቀ። ትኩሳቱ ስንት ቀኑ ነው? ከየት መጣ? ደማ? ሽፍታ አለው? ምንም። ቱቦው ውስጥ ያለው ደም ብቻውን ሁሉንም አይነግረኝም። ያምቡኩ ላይ ደሙን የቀዳውና ያሰበው አንድ ሰው ነበር። እኛ ጋ ደም የሚቀዳው አንድ ሰው ነው፣ የሚያየው ሌላ፣ የሚወስነው ሌላ፣ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ነርስ ነኝ፣ አንቺን ማለቴ አይደለም፣ እንዳትቀየሚኝ።


ነርስ ነኝ

አልቀየምም፣ እውነት ነው። እኔም አደርገዋለሁ። 60 ሰው ኮሪደር ላይ ቆሞ ማን ዝርዝር ይጽፋል?


ፓስተር ሰፈር

ልጄ ተማሪዋ፣ ዲፓርትመንት ከመቀየርሽ በፊት አንድ ቀን ወባ ያለበት ስላይድ ራስሽ ቀብተሽ፣ ራስሽ የጊምሳ ቀለም አፍስሰሽ፣ ራስሽ አግኚው። ማንም ሳይነግርሽ። ከዚያ በኋላ ቀይሪ ካልሽ ቀይሪ።


ሜድላብ 2ኛ ዓመት

እሺ ጋሼ። ጊምሳ ማክሰኞ አለብን።


ነርስ ነኝ

ተመልሼ መጣሁ። ትናንት ማታ ተረኛ ነበርኩ። የ9 ዓመት ልጅ እናቱ አዝላ አመጣችው። ደም ስቀዳ ጥጡን ተጭኜ ያዝኩ፣ ሳነሳው ይፈሳል። እንደገና ያዝኩ። አምስት ደቂቃ ሆነ። የዚህ ክር ነገር ትዝ አለኝና ጓንቴን አየሁ፤ አድርጌያለሁ። ወረቀቱ ላይ ሁሉንም ጻፍኩ፦ ትኩሳት 4 ቀን፣ ከቆላ ነው የመጡት፣ ድዱ ደምቷል፣ መርፌው የገባበት ቶሎ አልቆመም። ናሙናውን ራሴ ይዤ ወርጄ ለላብራቶሪው ልጅ በቃልም ነገርኩት።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደወለልኝ። ፋልሲፓረም (ከባዱ የወባ ዓይነት) ነው፣ ብዙ ነው አለኝ። ወረቀቱን ስላነበበ ማንም ሳያዘው ፕላትሌትም (ደም የሚያረጉትን ሴሎች ቁጥር) ሠርቷል፣ በጣም ወርዷል። ሐኪሙን ከእንቅልፍ አስነሣሁት። የወባውን መድኃኒት አርቴሱኔት በደም ሥር ጀመርንለት።

ጠዋት ስወጣ እናቱ አጥሚት በማንኪያ ትሰጠው ነበር። ሦስት ማንኪያ ጠጣ።